ተያዥ ፍለጋ ለቅሶ ቤት መሄዴ

በሃምሳ አንድ ዓመቴ «ጀማሪ» ተባልኩ። አልከፋኝም። በዚህ ዕድሜ ሰው «አንጋፋ» ይባላል፣ ከጎረቤት ከተጣላ ደግሞ «አሮጊት» ይባላል እንጂ ጀማሪ መባል ለማን ይደርሰዋል? መቱ ከተማ አንድ የመብራት ምሰሶ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ እንዲህ ይል ነበር፦ «የሥራ መደብ፣ ጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛ። ብዛት፣ አንድ። የሥራ ልምድ፣ ዜሮ ዓመት።» ዜሮው ላይ ስደርስ ልቤ ዘለለ። በሕይወቴ የተጠየቀውን ሁሉ ሳይጎድል አሟልቼ የተገኘሁበት ማስታወቂያ እሱ ብቻ ነው።

እንዴት መቱ ምሰሶ ሥር እንደተገኘሁ ልንገራችሁ። ሃያ ሰባት ዓመት ደብረ ብርሃን ኖሬያለሁ። ደብረ ብርሃን ጠዋት ፊት ለመታጠብ ከውሃው ጋር ሽምግልና የሚቀመጡበት አገር ነው። ባለቤቴ መካኒክ ነበር። ልጆቻችን ራሳቸውን ሲችሉ «አንቺ ገበያ ደርሰሽ ስትመለሺ እስከ ሳንቲሟ በቃልሽ የምትደምሪ ሴት፣ ለምን የሒሳብ አያያዝ አትማሪም?» እያለ ገፋፍቶ ኮሌጅ አስገባኝ። በአርባ ስምንት ዓመቴ ተመረቅሁ። የምረቃ ፎቶዬን ብታዩት ቆቡን ያደረገው እሱ ነው፤ እኔ ከጎኑ እንደ አጃቢ ቆሜያለሁ። ዲፕሎማው ሥራ ሳያይ እሱ ታመመ። አስታመምኩት፤ አልዳነም።

ከሞተ በኋላ አልጋው ሰፋብኝ፣ ብርዱም እንደ ወራሽ ገብቶ ተቀመጠ። መቱ ልብስ ሰፊ የሆነች ታናሽ እህቴ አልማዝ ለአርባው መጥታ እጄን ጨበጥ አደረገችና «እታለም፣ ብርዱና ሐዘኑ ተባብረው ሳይጨርሱሽ ወደ እኔ ነይ። መቱ ሞቃት ነው። ሰው በአንድ ቀሚስ ይኖራል» አለችኝ።

እሺ ብዬ መጣሁ፤ ግን አላመንኳትም። የደብረ ብርሃን ሰው ሙቀትን እንደ ሎተሪ ነው የሚያየው፤ ለሌላ ሰው ይወጣል። ስለዚህ ሦስት ጋቢ፣ ሁለት ካፖርት፣ አምስት ሹራብ ይዤ መቱ መናኸሪያ ወረድኩ። ከሹራቦቹ ሁለቱን ለብሻቸው ነበር። የባጃጁ ሹፌር ሻንጣዎቼን አየና «ማዘር፣ ሰልባጅ ነው? ገበያው እኮ ቅዳሜ ነው» አለኝ። አልማዝ ቤት ስደርስ ላቤ ተረከዜ ደርሶ ነበር። ያ ምሰሶ የማስታወቂያ ሰሌዳ መሆኑን ያወቅሁትም በሦስተኛው ሳምንት ሹራብ ሳልለብስ መውጣት ስለምድ ነው።

ቀጣሪው አንድ የቡና ገበሬዎች ማኅበር ነበር። ለፈተናው አሥራ ዘጠኝ ሰው ተሰበሰብን። አሥራ ስምንቱ ልጆቼ ለመሆን የሚበቁ ናቸው። ዘበኛው በሩ ላይ እጁን ዘርግቶ አስቆመኝ።

«እናት፣ ያጀበ ሰው ውጭ ነው የሚጠብቀው።»

«ያጀብኩት የለም። ተፈታኟ እኔ ነኝ።»

ዘበኛው ልጆቹን አየ፣ እኔን አየ፣ ሰማይ አየ። «ግቡ እንግዲህ» አለ፤ «እኔም እኮ ስምንተኛ ክፍልን አልጨረስኩም ነበር።»

ፈተናው ላይ ስልክ ተከለከለ። ልጆቹ ስልካቸውን ሲያስረክቡ ጭንቅላታቸውን አብረው ያስረከቡ መሰሉ። እኔ በእርሳስና በጣቴ ደመርኩ። ሰኞ ውጤቱ ሲለጠፍ አንደኛ ሆኜ ተገኘሁ። አልማዝ መንገድ ላይ እልል ስትል ቆማ የነበረች አህያ ደንግጣ ሮጠች።

የሰው ኃይል ኃላፊው ኦቦ ታደለ ይባላል። ወረቀት ሲይዝ እንደ አራስ ልጅ ነው፤ ከታች ደግፎ። «በገ ገመደን!» አለኝ፤ በኦሮምኛ እንኳን ደስ አለዎት ማለቱ ነው። ቅጽ ሰጠኝ፣ ሞላሁ፣ ፈረምኩ። ከዚያ መነጽሩን አወለቀ። መነጽር የሚያወልቅ ሹም መልካም ነገር ሲናገር አይቼ አላውቅም።

«አንዲት ነገር ቀርታለች» አለ። «ተያዥ።»

ተያዥን የማታውቁ ደስተኞች ካላችሁ፦ ተያዥ ማለት እኔ የሰው ንብረት ይዤ ብጠፋ በኔ ፈንታ የሚያዝ ሰው ነው። ቋሚ ደሞዝተኛ መሆን አለበት፣ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ማምጣት አለበት፣ ቀርቦ በኃላፊው ፊት መፈረም አለበት። እግዚአብሔር አዳምን ገነት ውስጥ ሲቀጥረው ተያዥ ቢጠይቀው ኖሮ ያ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር፤ ቦታው እስከ ዛሬ ክፍት ሆኖ ይኖር ነበር።

«እስከ መቼ?» አልኩት።

«እስከ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት። ካለፈ ሁለተኛ የወጣችውን ተጠባባቂ እንጠራለን። እኔ ብሆን እርስዎን እመርጥ ነበር፤ መመሪያው ግን ፊት አያይም።»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሥራውን የፈለግሁት ለደሞዙ ብቻ አልነበረም። ቤት በዋልኩ ቁጥር ከባለቤቴ ጋር ማውራት ጀምሬ ነበር። ማውራቱስ ባልከፋ፤ መልስ መስጠት መጀመሩ ነው ያስፈራኝ። ጠዋት ተነሥቼ የምሄድበት ወንበር ካላገኘሁ ሰው ሆኜ እንደማልቀጥል አውቄው ነበር። ያ ወንበር ደግሞ በአንድ ሰው ፊርማ ላይ ተንጠልጥሏል።

ማክሰኞ ማደን ጀመርኩ። አልማዝ ደሞዝተኛ አይደለችም፤ ደንበኞቿ ግን ናቸው። መጀመሪያ ቀሚስ ልትለካ የመጣች የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ተገኘች። «ተያዥ» ስላት ሜትሩ ወገቧ ላይ እንዳለ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች።

«እትዬ፣ ለገዛ ወንድሜ ፈርሜ ወንድሜ ዳሪሙ የሚባል ገጠር ገብቶ ጠፋ። መኪና የለ፣ እሱን ፍለጋ በእግሬ ሁለት ቀን ሄድኩ። ሳገኘው አግብቷል።»

ሁለተኛው ከያዮ የመጣ የመሬት ጉዳይ ሠራተኛ ነው። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝና «ፊርማ እንኳ አልችልም፤ ባዶ እጅዎን ግን አልሰድዎትም» ብሎ የጫካ ማር ሰጠኝ። ሦስተኛዋ አስተማሪ ፓፓያ ሰጠችኝ። አራተኛው የሚሰጠው ሲያጣ መረቀኝ። ከዚያ በኋላ ወሬው ተሰማ መሰል፣ ለወትሮው «እንዴት አደሩ» የሚሉኝ ሰዎች ከሩቅ ሲያዩኝ መንገድ መቀየር ጀመሩ። ረቡዕ ማምሻውን ቆጠራ አደረግሁ፤ አንድ ጣሳ ማር፣ ሁለት ፓፓያ፣ ሰባት አቮካዶ፣ ስፍር የሌለው ምርቃት። ፊርማ ዜሮ። የሥራ ልምዴን አከለ።

አልማዝ የስፌት መኪናዋን አቆመችና «ችግሩ ገባኝ» አለች። «ማንም አያውቅሽም። እዚህ አገር ሰው የሚታወቀው ለቅሶ ቤት ነው። ጋሼ ለማ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የጤና ረዳት ዛሬ አርፈዋል። ነገ ነው ቀብሩ። የመቱ ደሞዝተኛ በሙሉ አንድ ድንኳን ውስጥ ይቀመጣል።»

«እኔ እኮ ሰውየውን አላውቃቸውም።»

«እታለም፣ ለአንቺ ምን ያደርጉልሻል? እሳቸው መፈረም አይችሉም!»

አፈርኩ። ግን ሄድኩ። ነውር መሆኑን እያወቀ የሚሄድ ሰው ሳያውቅ ከሚሄደው ይልቅ ፈጥኖ ይራመዳል፤ አልማዝ ከኋላዬ እየሮጠች ነበር የደረሰችብኝ።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ሞላ። አልማዝ ሴቶቹን ልታግዝ ወደ ጓዳ ስትገባ «መታወቂያ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ፣ ደረት ኪሱ ላይ እስክሪብቶ የሰካ፣ እሱ ቋሚ ነው፤ አጠገቡ ተቀመጪ» ብላ አንሾካሾከችልኝ። ሁለት እስክሪብቶ የሰካ ሰው አገኘሁና አጠገቡ አረፍኩ። እኔ ከራስ እስከ እግሬ ጥቁር ነው የለበስኩት፤ የባለቤቴ ዓመት ገና አልወጣም። ዕቅዴ ሃያ ደቂቃ ያህል ያዘነ ፊት አሳይቶ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ጨዋታ መጀመር ነበር።

እዚህ ላይ ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። እኔ ለባለቤቴ አላለቀስኩም። በቀብሩ ሰሞን እንግዳው በላ ወይ፣ ወንበሩ ተመለሰ ወይ ስል ቀኑ አለቀ። ሰውም «ጠንካራ ናት» አለኝ። አንዴ ጠንካራ ከተባልሽ በኋላ ደግሞ መቼ ይለቀሳል? ቀጠሮ የሚይዝልሽ የለ።

ልክ ባለ ሁለት እስክሪብቶውን «የት ነው የሚሠሩት?» ልለው አፌን ስከፍት፣ ለቀብሩ ያልደረሰች የሟች እህት ከጎሬ ገባች። የወንድሟን ኮት በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ እየጮኸች ነው የገባችው። ከኮቱ የውስጥ ኪስ አንዲት ጥርሷ የተሰበረ ማበጠሪያ ብቅ ብላለች። ባለቤቴም ፀጉሩ ካለቀ ከአሥር ዓመት በኋላ እንኳ ማበጠሪያ ከኪሱ አይለይም ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው። ተነሥቼ ቆሜያለሁ። ደረቴን መትቻለሁ። «የኔ ጌታ! ሃያ ሰባት ዓመት! ሃያ ሰባት ዓመት አብረን ኖረን ለማን ትተኸኝ?» ብዬ ድንኳኑን አናግቻለሁ። የሟች እህት ከኔ ጋር መወዳደር አቅቷት ዝም ብላ ማየት ጀምራለች። ባለ ሁለት እስክሪብቶው ወንበሩን ይዞ ሸሽቷል።

ስረጋጋ ሦስት ሴቶች ከበውኛል። አንዷ ውሃ ታጠጣኛለች፣ አንዷ «ጀባዹ፣ በርቺ» ትለኛለች፣ ሦስተኛዋ ግን ምርመራ ላይ ናት።

«ከየት ነው የመጣሽው እህቴ?»

«ከደብረ ብርሃን።»

ሴቶቹ ተያዩ። «በየዓመቱ ለሥልጠና ወደ ሸዋ ይሄዱ አልነበር?» አለች አንዷ ቀስ ብላ።

«ልጅ ወልዳችኋል?» አለችኝ መርማሪዋ።

የሚያጽናኑኝ መስሎኝ «ሁለት» አልኳት። «ወንዱ አዳማ ነው፣ ሴቷ አግብታ ደሴ።»

«ማንን ይመስላሉ?»

«ቁርጥ አባታቸውን!» ብዬ እንደገና አለቀስኩ።

መርማሪዋ ስትነሣ ነጠላዋን እንኳ አላነሣችም። ወሬው ድንኳኑን ሲዞር በዓይኔ አየሁት፤ ራሶች በየተራ ወደ ጆሮ ይጠጋሉ፣ ከዚያ ወደኔ ይዞራሉ። እኔ ሞኟ ግን «አልማዝ እውነቷን ነው፣ ይኸው ታወቅሁ» እያልኩ በልቤ ደስ ይለኛል።

ወዲያው የእድሩ ዳኛ መጡ። ከዘራቸውን ተደግፈው አጠገቤ ተቀመጡና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እህት ዓለም፣ ሰምተናል። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ እዚሁ በሽማግሌ ቢያልቅ ምን ይመስልዎታል?»

አልማዝ ጓዳ ሆና የተያዡን ነገር አስነግራልኝ ነው ብዬ አሰብኩ። እጃቸውን ልስም ጎንበስ አልኩ። «አባቴ፣ ፍርድ ቤት ምን አመጣው? የምፈልገው አንድ ፊርማ ብቻ ነው።»

«ፊርማ?»

«አዎ። እስከ ነገ አሥራ አንድ ሰዓት።»

ዳኛው ከዘራው ባይኖር ይወድቁ ነበር። «ኧረ በመድኃኔ ዓለም! አፈሩ እንኳ አልደረቀም! ትንሽ ቢታገሡ ምን አለበት?»

«እኔማ እታገሥ ነበር አባቴ። ነገ ካለፈ ግን ተጠባባቂዋ ልትወስደው ነው።»

«ተጠባባቂም አለች?»

«አለች እንጂ! ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ቆንጆ ልጅ።»

የእድሩ ዳኛ ሁለት ጊዜ አማተቡ። «ለማ» አሉ ወደ ድንኳኑ ጣሪያ ቀና ብለው፣ «ለማ፣ አንተ ነህ ይህን ሁሉ የሠራህ? እኛ እኮ በካርታ ጨዋታ እንኳ ዓይን አፋር ነው እያልን ነበር።»

ያን ጊዜ ከውስጥ ጥሪ መጣ። የሟች ባለቤት እትዬ ብርቄ «ያቺን ሴት አምጡልኝ» ብለዋል። ድንኳኑ ውስጥ የነበሩት ተነሡ። መንገድ ከፈቱልኝ። እንዳጽናናቸው የጠሩኝ መስሎኝ ገባሁ። እትዬ ብርቄ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሠላሳ ዓመት ያስተማሩ፣ አሁንም የሚያስተምሩ ሴት ናቸው፣ አስተያየታቸው ራሱ የቤት ሥራ ያስመልሳል። እንባ ግን ፊታቸው ላይ የለም።

«ቅረቢ» አሉኝ። «ባለቤቴን የት ነው የምታውቂው?»

«አላውቃቸውም።»

«ሃያ ሰባት ዓመት ያልሽውስ? ልጆቹስ?»

አሁን ገባኝ። የገባኝ ሁሉም በአንድ ጊዜ ነው፤ ሥልጠናው፣ ልጆቹ፣ ፍርድ ቤቱ፣ ተጠባባቂዋ። ምድር ብትከፈት እገባ ነበር፤ የመቱ መሬት ግን ጭቃ እንጂ ስንጥቅ የለውም። ተንበረከክሁ። «እትዬ፣ በእግዚአብሔር ይማሩኝ። እኔ ጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የመጣሁት ተያዥ ፍለጋ ነው። ማበጠሪያውን ሳይ የራሴን ባል አለቀስኩ። ያን ጊዜ አላለቀስኩትም ነበር፤ እዚህ መጣብኝ። የሰው ለቅሶ ሰረቅሁ።»

እትዬ ብርቄ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ከዚያ «ተጠባባቂዋስ?» አሉ።

«በፈተናው ሁለተኛ የወጣችው ናት።»

ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ገደልኳቸው ብዬ ልይዛቸው ጠጋ ስል ከነጠላው ሥር ድምፅ ሰማሁ፤ እየሳቁ ነው! የሚያፍኑት ሳቅ፣ ሆድ የሚያሳምም ሳቅ። «ለማ!» ይላሉ፣ «ለማ ሽንኩርት ገዝቶ መምጣት የሚያቅተው! ለማ ሁለት ሚስት!» እኔም ያዘኝ። ነጠላቸውን ገልጠው ከውስጥ አስገቡኝ። ሁለታችን እዚያ ሥር ተቃቅፈን ስንናወጥ የተመለከቱት ሴቶች ታረቁ፣ አብረው አለቀሱ ብለው ዋይታውን አቀለጡት። ድንኳኑ ተቀበለ። የጎሬዋ እህት ኮቱን እንደገና አነሣች። ጋሼ ለማ በቀብራቸው ሰዓት እንኳ እንደዚያ አልተለቀሰላቸውም አሉ።

ትንፋሻችን ሲመለስ እጃቸውን ይዤ «እውነቱን ወጥቼ ልንገራቸው» አልኩ።

«ተያቸው። ከጠዋት ጀምሮ ሁሉም ፊቴን ነው የሚያየው፤ አለቀሰች፣ አላለቀሰችም እያለ። አሁን አንቺን ይዩ። ትንሽ ልረፍ።» ዓይናቸውን ጠረጉ፤ የሳቅ እንባ ነው። «ቅጹን ነገ አምጪው። እኔ እይዝሻለሁ።»

«ኃላፊው ፊት ቀርቦ መፈረም ግድ ነው ይላል። እርስዎ ደግሞ እስከ ሠልስቱ ከቤት አይወጡም።»

«እሱስ ለቅሶ አይደርስም?»

እውነትም አልማዝ ጠዋት ስለ ፊርማው ብቻ ነግራው ዓርብ በዘጠኝ ሰዓት ኦቦ ታደለ መጣ። ሐሙስን ለሥራ ያዮ ስለዋለ ከወሬው አንዲት ፍሬ አልደረሰችውም። ፋይሌን እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ፣ ማኅተሙን በኪሱ ይዞ ነው የመጣው። የደሞዙን ደብዳቤ የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ድንኳን ውስጥ ስለነበሩ እዚያው ጻፉት። ቢሮ እንዲህ ቢሠራ አገራችን የት በደረሰች።

ሦስታችን ፍራሹ ላይ ተቀመጥን። እትዬ ብርቄ የተያዡን ቅጽ በመምህር የእጅ ጽሑፍ፣ በተቀመጠ ፊደል መሙላት ጀመሩ። ስም። የትምህርት ደረጃ። የጋብቻ ሁኔታ። እዚያ ላይ እስክሪብቶው ቆመ። አራት ትንንሽ ሳጥኖች አሉ፤ ያላገባ፣ ያገባ፣ የተፋታ፣ የሞተበት።

ረጅም ጊዜ አዩት። እጃቸው ከልማዱ ሁለተኛው ሳጥን ላይ ሄዶ ተመለሰ።

«አንቺ የቱ ላይ ነው ምልክት ያደረግሽው?» አሉኝ።

ትዝ አይለኝም። ኦቦ ታደለ ፋይሌን ከፈተ፤ ሰኞ የሞላሁትን ቅጽ አወጣ። «ያገባች ይላል» አለና ጥቁር ልብሴን አየ። ከዚያ ቅጹን በቀስታ ወደኔ ገፋው። «ይታረማል። ብቻ ስርዝ ድልዝ ሲኖር የቅጹ ባለቤት ከጎኑ ትፈርማለች።»

ሰረዝኩ። አራተኛው ሳጥን ላይ ምልክት አደረግሁ፣ ከጎኑ ፈረምኩ። እስክሪብቶውን ለእትዬ ብርቄ ሰጠሁ። እሳቸውም አደረጉ። ምልክቷን አድርገው ሳይጨርሱ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ያልመጣው እንባ መጣ፤ ያለ ጩኸት፣ ዝም ብሎ እንደ መቱ ዝናብ። ኦቦ ታደለ ቅጹ እንዳይርስ በመዳፉ ሸፈነው። አልተቆጣም፣ አላጣደፈም፤ ሰዓቱን ያየው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሩብ ሲቀረው ጉሮሮውን ጠረገ። «እትዬ ብርቄ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አንድ ክፍት ቦታ ቀርታለች። ተያዡ ከተቀጣሪዋ ጋር ያላቸው ዝምድና?»

እትዬ ብርቄ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። በድንኳኑ በር በኩል የእድሩ ዳኛ አንገታቸውን አስግገው ሲያዳምጡ አዩ። ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ጣውንት» አሉ።

ኦቦ ታደለ ወሬ የማያውቅ፣ መመሪያ የሚያውቅ ሰው ነው። ጻፈው። ማኅተሙን በትንፋሹ አሙቆ መታበት። ሰኞ ሥራ ጀመርኩ። ጽሑፉ ዛሬም ፋይሌ ውስጥ አለ፤ ሊስተካከል አይችልም፣ ማኅተም ያረፈበት ነገር በአገራችን እውነት ነውና።